ከሦስቱ ፊደላት ቀጥሎ የሚጻፈው የቦታ ስም፦ ገላን ላይ ካለ የሶፋ መሥሪያ የተገኘ ዕቃ የማስመጣት ተሞክሮ

ከአቃቂ ቃሊቲ አልፎ በደብረ ዘይት መንገድ በሚገኘው በገላን ስምንት ሠራተኞች ያሉት አነስተኛ የሶፋ መሥሪያ አለኝ። ለብዙ ዓመታት ጨርቁንም፣ ፋይበሩንም፣ ዚፑንም የምገዛው ከመርካቶ ነበር። በ2013 ዓ.ም. ግን የጨርቅ ዋጋ በየሳምንቱ እየናረ፣ ደንበኛ መርጦ ያዘዘው ቀለምም በመሐል እየጠፋ ሲያስቸግረኝ የአስመጪነት ፈቃድ አውጥቼ በቀጥታ ከቻይና ለማስመጣት ቆረጥኩ። ጨርቅ አውቃለሁ፤ በእጄ ዳስሼ ስንት ዓመት እንደሚቆይ መናገር እችላለሁ። የማላውቀው በፕሮፎርማው ግርጌ በትንንሽ ፊደላት የሚሰፈረውን ቋንቋ ነበር፤ ለዚያ አለማወቅ የከፈልኩት ገንዘብ ደግሞ ከማንኛውም የጨርቅ ስህተት ይበልጣል። እንደ እኔ ካለ አነስተኛ ሥራ ተነሥቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ፕሮፎርማ በእጁ የገባ ሰው ቢያነበው ይጠቅመዋል ብዬ የደረሰብኝን እንደደረሰብኝ አስቀምጣለሁ።

የመጀመሪያው ፕሮፎርማ የመጣልኝ በዠጂያንግ ክፍለ አገር ከሚገኝ የሶፋ ጨርቅ ፋብሪካ ነው። የሽያጭ ሠራተኛዋ ለአንድ ዓይነት ዕቃ ሁለት ዋጋ ሰጠችኝ፤ አንደኛው ‹ኤክስ ወርክስ› የሚል 8,200 ዶላር፣ ሁለተኛው ‹ፎብ ኒንግቦ› የሚል 8,650 ዶላር ነበር። እኔም መርካቶ ውስጥ ሁለት ሱቅ እንደማወዳድር አድርጌ ረከስ ያለውን መረጥኩ። አንድ ወር ሳይሞላ ዕቃውን ከፋብሪካው ወደ ወደብ ለሚያደርሰው መኪና፣ ለቻይና የወጪ ጉምሩክ ሥነ ሥርዓት፣ ለወደብ አያያዝና ለሰነድ ተብሎ በድምሩ ከ1,000 ዶላር ያላነሰ ተጨማሪ ሂሳብ ቀረበልኝ። አዳንኩት ያልኩት 450 ዶላር ከነእጥፉ ሄደ።

ኤክስ ወርክስ ማለት ሻጩ ዕቃውን በፋብሪካው ግቢ አዘጋጅቶ «ና ውሰድ» የሚልበት ውል ነው፤ መኪና ላይ የመጫን ግዴታ እንኳ የለበትም። ገላን የተቀመጠ ሰው የቻይናን የወጪ ጉምሩክ ሥራ ራሱ ሊያስጨርስ ስለማይችል እዚያ ላለ ወኪል ከመክፈል ሌላ መንገድ አይኖረውም፣ ወኪሉም ይህንን ያውቃል። ‹ፎብ› ሲሆን ግን ዕቃው በተጠቀሰው ወደብ መርከብ ላይ እስኪጫን ድረስ ያለው ወጪ፣ የአገሩን የወጪ ጉምሩክ ሥራ ጨምሮ፣ የሻጩ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው የባሕር ጭነት ዋጋ፣ ኢንሹራንሱና ቀሪው ሁሉ በገዢው ላይ ይወድቃል።

ይህን ያስረዱኝ በቃሊቲ ጉምሩክ አካባቢ ረጅም ዘመን የሠሩ አንድ አዛውንት ትራንዚተር፣ ማለትም የጉምሩክ ጉዳይ አስፈጻሚ ናቸው። ፕሮፎርማዬን ተቀብለው መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አደረጉና ጣታቸውን ከ‹ፎብ› ቀጥሎ ባለው ቃል ላይ አሳረፉ። «ልጄ፣ ፊደሉንማ ሁሉም ያነበዋል፤ ከጎኑ ያለውን አገር ግን የሚያነብ የለም። ሻጩ የሚሸኝህ እስከዚህ ድረስ ነው፤ ከዚህ በኋላ ብቻህን ነህ» አሉኝ። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንኛውም ፕሮፎርማ ሲመጣ ከዋጋው በፊት የማነበው የቦታውን ስም ነው። የቦታ ስም የሌለው ‹ፎብ› ወይም ሻጩ የባሕር ጭነቱን ጭምር የሚከፍልበት ‹ሲኤፍአር› ዋጋ አይባልም።

እነዚህ ባለ ሦስት ፊደል ቃላት ‹ኢንኮተርምስ› ይባላሉ። ፓሪስ የሚገኘው የዓለም አቀፉ ንግድ ምክር ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ያወጣቸው እ.ኤ.አ. በ1936 ሲሆን፣ አሁን የሚሠራበት እ.ኤ.አ. ከጥር 2020 ጀምሮ የጸናው እትም አሥራ አንድ ቃላትን ይዟል። ከአሥራ አንዱ አራቱ ለባሕርና ለውስጥ የውኃ መንገድ ብቻ የተደነገጉ ናቸው፤ ፎብ፣ ሲኤፍአር እና ሲአይኤፍ በእነዚህ ውስጥ ይገኛሉ። ደንቡን በጥብቅ የሚያነቡ ሰዎች በኮንቴነር ለሚጓዝ ዕቃ ፎብ ሳይሆን ‹ኤፍሲኤ› መጻፍ አለበት ይላሉ፤ ምክንያቱም ሻጩ ኮንቴነሩን የሚያስረክበው በወደቡ ተርሚናል እንጂ መርከቡ ላይ ወጥቶ አይደለም። ልክ ናቸው፤ ይሁንና እስካሁን ከእኔ ጋር ከተጻጻፉ ሻጮች አንዱም ኤፍሲኤ ብሎ የጻፈልኝ የለም። እኛ ዘንድ ደግሞ ነጋዴው ‹ሲ ኤንድ ኤፍ› እያለ የሚጠራው ቃል እ.ኤ.አ. በ1990 ‹ሲኤፍአር› ተብሎ ስሙ የተለወጠ ነው፤ በአፍ ሲነገርና በወረቀት ሲጻፍ ቢለያይ ግራ ሊያጋባ አይገባም።

በሲኤፍአር የደረሰብኝ ነገር ከኤክስ ወርክሱ የበለጠ አስተምሮኛል። በሁለተኛው ጭነት «ከእንግዲህ ስለ መርከብ አላስብም» ብዬ ‹ሲኤፍአር ጅቡቲ› ብዬ ተዋዋልኩ። ሻጯ የባሕር ጭነቱን ከፍላ እስከ ጅቡቲ ስላመጣችልኝ እስከ ጅቡቲ ድረስ ለሚደርሰው ጉዳትም ኃላፊነቱ የእርሷ ነው ብዬ አምኜ ነበር። ኮንቴነሩ ገላን ደርሶ በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለን ሽታ ነው፤ ክረምቱን ሙሉ በረንዳ ላይ እንደከረመ እርጥብ ጆንያ ያለ ሽታ። ከታች የነበሩት ጥቅሎች ደህና ነበሩ፤ ከላይ በስተግራ በኩል ግን አሥራ አራት ጥቅል ጨርቅ ርሶ፣ ደርቆ፣ እንደገና ርሶ ቢጫ ካርታ ሠርቷል። ዕቃው ወጥቶ ካለቀ በኋላ አንዱን ሠራተኛ ውስጥ አስገብተን በሩን ብንዘጋበት «ኮከብ ይታየኛል!» ብሎ ጮኸ፤ ጣሪያው ላይ የጣት ጫፍ የማታስገባ ቀዳዳ ነበረች።

ለሻጯ ፎቶግራፍ ልኬ ካሣ ጠየቅኩ። መልሷ አጭርና ትሑት ነበር፤ ጉዳቱ የደረሰው ከኒንግቦ ከተነሣ በኋላ ከሆነ እርሷን እንደማይመለከት ገለጸችልኝ። ተናድጄ ወደ ትራንዚተሩ ብሄድ እርሳቸውም በእርሷ ፈረዱ። በሲኤፍአር ሻጩ የሚከፍለው የጉዞውን ዋጋ እስከ ጅቡቲ ነው፤ የአደጋው ኃላፊነት ግን ልክ እንደ ፎብ ዕቃው በመነሻው ወደብ መርከብ ላይ እንደተጫነ ወደ ገዢው ይሻገራል። ወጪው የሚቆምበትና አደጋው የሚተላለፍበት ቦታ ሁለት የተለያዩ ከተሞች ናቸው። ከኢንኮተርምስ ሁሉ ሰውን የሚያሳስተው ይህ ይመስለኛል፤ ወረቀቱ ላይ የሚታየው የመድረሻው ስም ብቻ ስለሆነ መነሻውን የሚያስታውስ የለም።

ወደ ኢንሹራንሱ ዞርኩ። በአገራችን አስመጪ የባሕር ኢንሹራንሱን ከአገር ውስጥ ኩባንያ መግዛት ስለሚጠበቅበት ኢንሹራንሱን በሻጩ ላይ የሚጥለው ሲአይኤፍ እኛ ዘንድ ብዙም አይሠራበትም፤ እኔም በጊዜው ገዝቼ ነበር። ኩባንያው የላከው መርማሪ ከጨርቁ ላይ ጥቂት እርጥበት ወስዶ የብር ናይትሬት ጠብታ ሲያክልበት ወዲያው እንደ ወተት ነጣ። ጨው አለበት ማለት ነው፤ የባሕር ውኃ ነው እንጂ የገላን ዝናብ ወይም የኮንቴነር ላብ አይደለም። በደስታ ልዘል ስል ውሌን አውጥቶ ‹አንቀጽ ሲ› የሚለውን አሳየኝ። የጭነት ኢንሹራንስ በዓለም ላይ ኤ፣ ቢ እና ሲ በሚባሉ ሦስት ደረጃዎች ይሸጣል። ሲ የሚሸፍነው እንደ እሳት፣ የመርከብ መስጠምና ግጭት ያሉትን ትልልቅ አደጋዎች ነው፤ ወደ ኮንቴነር የሚገባ የባሕር ውኃ የሚሸፈነው ከቢ ጀምሮ ነው፤ ኤ ደግሞ በውሉ ላይ ተለይቶ ካልተከለከለ በቀር ሁሉንም ይይዛል። እኔ ሲን የመረጥኩት አረቦኑ ስለሚቀንስ ነበር፤ ልዩነቱን የጠየቀኝ ሰው ቢኖር ኖሮ የአንድ ሶፋ ዋጋ እንኳ እንደማይሞላ አሰላ ነበር። መርማሪውን ልወቅሰው አልችልም። ከዚያ ወዲህ የምገዛው ኤን ነው፤ ኮንቴነሩ ከመጫኑ በፊትም ሻጩ ባዶውን ከውስጥ በሩን ዘግቶ ብርሃን እንዳይገባ አይቶ በስልኩ ቪዲዮ እንዲልክልኝ እጠይቃለሁ። እስካሁን እንቢ ያለኝ የለም።

ስለ ኢንሹራንስ ካነሣሁ አይቀር ‹ጄኔራል አቬሬጅ› የሚለውን ቃል እጨምራለሁ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2021 ኤቨር ጊቭን የተባለችው ግዙፍ መርከብ የስዊዝን ቦይ ለስድስት ቀን ስትዘጋ ባለቤቷ ይህንን አወጀ። ትርጉሙ መርከቧንና ጭነቷን ለማዳን የወጣውን ልዩ ወጪ፣ አንዲት ካርቶን የተጎዳችበት ሰው እንኳ ባይኖር፣ ባለ ዕቃዎች ሁሉ ከመርከቡ ባለቤት ጋር በየንብረታቸው ዋጋ መጠን ይካፈሉታል ማለት ነው። ኢንሹራንስ ያለው ሰው ዋስትናውን ኩባንያው ይሰጥለታል፤ የሌለው ገንዘብ ሳያስይዝ ዕቃውን አያገኝም። አንቀጽ ሲ እንኳ ይህንን ይሸፍናል። በነገራችን ላይ በዚያ ሰሞን አንድ የጭነት አስተላላፊ የእኔ ዕቃ የዘገየው ቦዩ ስለተዘጋ መሆኑን ነግሮኝ ለጥቂት ቀናት አምኜው ነበር። ከልጄ የጂኦግራፊ መጽሐፍ ላይ ካርታውን ስመለከት ግን ከቻይና የሚመጣ መርከብ የሕንድ ውቅያኖስን አቋርጦ በኤደን ባሕረ ሰላጤ በኩል ጅቡቲ እንደሚገባ፣ ስዊዝ ደግሞ ከዚያ በስተሰሜን ከቀይ ባሕር ማዶ ጫፍ እንደሆነ አየሁ። በጊዜው የኮንቴነር እጥረት ዓለምን አዳርሶ ስለነበር መዘግየቱ ሌላ ምክንያት ሊኖረው ይችላል፤ የተነገረኝ ምክንያት ግን መንገዱን አያውቀውም።

የጭነቱ ዋጋ ስለሚሰላበት መንገድ ደግሞ እንዲህ ነው። ሙሉ ኮንቴነር የሚከራይ ሰው ጭነት ‹ኤፍሲኤል›፣ ከሌሎች ጋር ተጋርቶ የሚጭን ሰው ጭነት ‹ኤልሲኤል› ይባላል። ባለ 20 ጫማ ኮንቴነር ውስጡ 33 ሜትር ኩብ ገደማ ነው ቢባልም ጥቅልና ካርቶን እየተደረደረ ሲገባ 28 ሜትር ኩብ ከያዘ ጥሩ ጭነት ነው። በጋራ ጭነት ሂሳቡ የሚሠራው በሜትር ኩብ ወይም በቶን ሆኖ ከሁለቱ በሚበልጠው ነው። እኔ ያመጣሁት የትራስ ፋይበር 900 ኪሎ ግራም ብቻ ሲመዝን ስፋቱ ግን 6 ሜትር ኩብ ስለነበር የከፈልኩት የስድስቱን ነው፤ በኋላ ፋብሪካው በማሽን ጨምቆ ሲያሽገው ወደ 3 ወርዷል። ፋይበር፣ ስፖንጅ ወይም ፕላስቲክ የሚያመጣ ሰው ከዋጋ ክርክር በፊት ስለ አስተሻሸጉ ቢከራከር ይሻለዋል።

በጋራ ጭነት ላይ ግን ሌላ ወጥመድ አለ። አንድ ጊዜ የባሕር ጭነቱ ለሜትር ኩብ ከምጠብቀው በታች፣ በነጻ ለማለት በሚያስደፍር ዋጋ ቀረበልኝ። ዕቃው ሲደርስ የሰነድ መልቀቂያ፣ ኮንቴነሩን የመክፈቻና ዕቃውን የመለያያ፣ የአያያዝ እየተባለ የተደረደረው ክፍያ ከባሕር ጭነቱ አራት እጥፍ ሆነ። ሻጩ በሲኤፍአር ሲሸጥ አስተላላፊውን የሚመርጠው እርሱ ስለሆነ አስተላላፊው ለሻጩ የቀነሰውን ከገዢው መልሶ የሚሰበስብበት አሠራር የተለመደ ነው። ስለዚህ ለጋራ ጭነት ፎብን እመርጣለሁ፤ አስተላላፊውን ራሴ እይዛለሁ፤ የመድረሻ ክፍያዎቹንም ከመጫኑ በፊት አንድ በአንድ በጽሑፍ እጠይቃለሁ።

በአየር ለሚመጣ ናሙናም እንዲሁ መጠኑ ሚዛኑን ይበልጣል። የካርቶኑ ርዝመት፣ ወርድና ቁመት በሴንቲ ሜትር ተባዝቶ ለ6,000 ሲካፈል የሚገኘው ‹የመጠን ክብደት› ነው፤ ፈጣን መልእክት አድራሾች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ለ5,000 ያካፍሉታል። በፈጣን መልእክት አድራሽ የመጣች 60 በ50 በ40 የሆነች ካርቶኔ 9 ኪሎ ብትመዝንም የተከፈለባት የ24 ኪሎ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ሰነድ፣ ነጋዴው ‹ቢኤል› ወደሚለው ወደ ቢል ኦፍ ሎዲንግ ልምጣ። ይህ ወረቀት ሦስት ነገር ነው፤ መርከቡ ዕቃውን ለመረከቡ ደረሰኝ፣ የማጓጓዣ ውሉ ማስረጃ፣ እንዲሁም ዕቃውን የመረከብ መብት የሚያስተላልፍ ሰነድ። በተለመደው አሠራር ሦስት ዋና ቅጂዎች ይወጣሉ፤ በአንዱ ዕቃው ከተረከበ የቀሩት ሁለቱ ዋጋ የላቸውም። በኤልሲ፣ ማለትም ሻጩ ሰነዶቹን ሲያቀርብ ባንክ ለመክፈል ዋስ በሚሆንበት አከፋፈል ሲገዛ ተረካቢ ሆኖ የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ በባንኩ ትእዛዝ የሚል ነው፤ የአስመጪው ስም ‹ይነገረው› በሚለው ቦታ ይገባል፤ ባንኩ በጀርባው ፈርሞ ካላስተላለፈ ዕቃውን ማውጣት አይቻልም። ኮንቴነሩን ያሸገው ሻጩ ራሱ ከሆነ ሰነዱ ላይ ‹ይዟል የተባለው› የሚል ቃል ይታከላል። መርከቡ ውስጡን አላየሁም ማለቱ ነውና ጥቅል ቢጎድል የሚጠየቀው ሻጩ ነው። ለዚህም ሲባል ማሸጊያውን ከመስበር በፊት ቁጥሩ ከሰነዱ ጋር መመሳከርና ፎቶግራፍ መነሣት አለበት።

እኔን ያስቸገረኝ ከዚህ ሁሉ የቀለለ የሚመስለው ስም ነበር። የአያቴ ስም በ‹ፀ› ይጀምራል። ‹ፀ› ደግሞ በላቲን ፊደል አንዱ በ‹ቲ› እና በ‹ኤስ›፣ ሌላው በ‹ቲ› እና በ‹ዜድ› ይጽፈዋል። የንግድ ፈቃዴ በአንደኛው፣ ለሻጯ የላክሁት መልእክት በሁለተኛው ስለነበር ቢኤሉ ከባንኩ ፈቃድ ጋር ሳይስማማ መጣ። ማስተካከያው እስኪገኝ ዘጠኝ ቀን ሄደ፤ ክፍያውም አልቀረም፤ የኮንቴነሩ ቀንም መቆጠሩን አላቆመም። አሁን ሻጭ ማንኛውንም ሰነድ ከማሳተሙ በፊት ረቂቁን እንዲልክልኝ አደርጋለሁ፤ ከንግድ ፈቃዴ ጋር ጎን ለጎን አስቀምጬ ፊደል በፊደል በእርሳስ እየጠቆምኩ አነባለሁ። ልጄ ይስቅብኛል፤ ግድ የለኝም።

በዚያው በቢኤሉ ላይ ‹የማራገፊያ ወደብ› እና ‹የማስረከቢያ ቦታ› የሚሉ ሁለት ሣጥኖች አሉ። ለእኛ ለወደብ አልባዎቹ ይህ ትልቅ ነገር ነው። በ‹መልቲሞዳል› አሠራር ማራገፊያው ጅቡቲ፣ ማስረከቢያው ሞጆ ወይም ሌላ ደረቅ ወደብ ተብሎ ይጻፋል፤ አንድ አጓጓዥ በአንድ ሰነድ ከመነሻው እስከ ደረቅ ወደቡ ኃላፊ ይሆናል፤ የጉምሩክ ሥርዓቱም በአገር ውስጥ ይፈጸማል። በ‹ዩኒሞዳል› ግን የመርከቡ ኃላፊነት ጅቡቲ ላይ ያበቃል፤ ጅቡቲ ላይ የሚያስተላልፍ ወኪልና ድንበር የሚያሻግር መኪና ማዘጋጀት የባለ ዕቃው ፋንታ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ‹ጅቡቲ› የሚለውን ከዋጋው ጎን አይቼ ሞጆ ድረስ የተከፈለ መስሎኝ ነበር። የጅቡቲ ሞጆ ጉዞ ሂሳብ ተለይቶ የሚመጣ መሆኑን ያወቅሁት ሂሳቡ ሲመጣ ነው።

ከሁሉ የከፋው ኪሳራዬ በራሴ በር ላይ የደረሰው ነው። በአንድ ነሐሴ ኮንቴነሬ ከሞጆ ተነሥቶ ቢሾፍቱንና ዱከምን አልፎ ገላን ሲደርስ ከአስፋልቱ እስከ መሥሪያችን ያለው መንገድ ጭቃ ሆኖ ነበር። የእኛን አካባቢ ጥቁር አፈር ክረምት ላይ ያየ ሰው ጎማ እንዴት እንደሚውጥ ያውቀዋል። መኪናው በመከራ ከበሩ ደረሰ፤ በክሬን አውርደን በድንጋይ ላይ አስቀመጥነው። ጨርቁን በሁለት ቀን አወጣን። መጋዘኔ ጠባብ ስለነበር ባዶው ኮንቴነር እንደ ተአምር መጋዘን ሆነኝ፤ ስፖንጁን ሞላሁበት፤ ዘበኛውም ዝናቡን ሽሽት ወንበሩንና ራዲዮኑን በሩ አጠገብ ተከለ። «ከወደብ ወጥቷል፤ ዲመሬጅ የለም» ብዬ ነበር። መንገዱ እስኪደርቅ እየጠበቅን አዲስ ዓመትም መስቀልም አለፉ። ባዶውን ስመልስ ኮንቴነሩ ያለ ክፍያ ሊቆይ ከሚፈቀድለት ከነጻ ቀኖቹ በላይ የ23 ቀን ሂሳብ ጠበቀኝ።

እኛ በልማድ ሁሉንም ‹ዲመሬጅ› እንለዋለን እንጂ ነገሮቹ ሦስት ናቸው። ዲመሬጅ የሚባለው ኮንቴነሩ ከነዕቃው ወደብ ውስጥ ከነጻ ቀኖቹ በላይ ሲቆይ የኮንቴነሩ ባለቤት የሚያስከፍለው ነው። ‹ዲቴንሽን› ኮንቴነሩ ከወደብ ከወጣ በኋላ ባዶው ሳይመለስ ሲዘገይ የሚከፈል ነው። ‹ስቶሬጅ› ደግሞ ዕቃው ለተቀመጠበት ቦታ ወደቡ የሚያስከፍለው ኪራይ ነው። አንድ ኮንቴነር በአንድ ቀን ዲመሬጅም ስቶሬጅም ሊቆጠርበት ይችላል። ሂሳቡ በደረጃ ስለሚያድግ የሦስተኛው ሳምንት ቀን ከመጀመሪያው ሳምንት ቀን ይልቅ ይወደዳል፤ በተለምዶም እሑድና በዓል አይዘለሉም። ቆጠራው የሚቆመው ዕቃው ሲራገፍ ሳይሆን ባዶው ተመልሶ የርክክብ ወረቀቱ ሲፈረም ነው። ያ ወረቀት ላይ የኮንቴነሩ ጉዳትም ስለሚመዘገብ ወደ ግቢ ሲገባ በአራቱም ጎን ፎቶግራፍ ያላነሣ ሰው ያላጎበጠውን ቆርቆሮ ሊከፍል ይችላል። የነጻ ቀኖቹ ቁጥር ድርድር እንዳለበትም በኋላ ተረዳሁ፤ መርከብ ከመያዙ በፊት የጠየቀ ሰው ጥቂት ቀናት ሊጨመሩለት ይችላሉ፤ ከደረሰ በኋላ የሚለምን ግን ብዙም አይሰማም።

ስለ ቀን ከተነሣ፣ ሁለት የዘመን አቆጣጠር ይዞ የሚነግድ ሰው ያለበት አደጋም አለ። ለአንድ ሻጭ «እስከ መስከረም መጨረሻ ጫንልኝ» ለማለት ፈልጌ እንግሊዝኛውን ‹የሴፕቴምበር መጨረሻ› ብዬ ጻፍኩ፤ ኤልሲውም የመጨረሻ የመጫኛ ቀን ሴፕቴምበር 30 ተብሎ ተከፈተ። እኔ በልቤ የያዝኩት መስከረም 30 ግን ኦክቶበር 10 ነው። ፋብሪካው ጨርሶ ያስጫነው ኦክቶበር 6 ስለሚሆን ኤልሲው በክፍያ ተሻሻለ፤ ባይሻሻል ኖሮ ሰነዱ ‹ዘግይቶ የተጫነ› ተብሎ ባንክ ላይ ይወድቅ ነበር። በኤልሲ ደንብ ሻጩ ሰነዶቹን ለባንክ የሚያቀርበው፣ ሌላ ቀን ካልተጠቀሰ፣ ከተጫነ በ21 ቀን ውስጥ ነው። አሁን በመሥሪያዬ ግድግዳ ላይ ሁለት የቀን መቁጠሪያ ጎን ለጎን ተሰቅሏል፤ ለውጭ ሰው ስጽፍም የወሩን ስም በፊደል እንጂ በቁጥር አልጽፍም፣ ምክንያቱም 06/10ን አንዱ ጁን፣ ሌላው ኦክቶበር አድርጎ ያነበዋል።

የተቀሩት ቃላት ያን ያህል አያደክሙም። ‹ኢቲዲ› መርከቡ ይነሣል፣ ‹ኢቲኤ› ይደርሳል ተብሎ የተገመተበት ቀን ነው፤ ግምት እንጂ ቀጠሮ አይደለም። ‹ትራንሺፕመንት› ዕቃው በመሐል ወደብ ከመርከብ ወደ መርከብ መዛወሩ ነው። ‹ፍሬይት ፕሪፔይድ› የጭነት ዋጋው ተከፍሏል፣ ‹ፍሬይት ኮሌክት› ደግሞ መድረሻ ላይ ይከፈላል ማለት ስለሆነ በሲኤፍአር የገዛ ሰው ቢኤሉ ላይ ኮሌክት የሚል ካየ ወዲያው መጮህ አለበት። ነዳጅ፣ የጥድፊያ ወቅት፣ የጦርነት ስጋት እየተባለ በመሠረታዊው ዋጋ ላይ የሚታከል ጭማሪም አለ፤ እ.ኤ.አ. ከ2023 መጨረሻ ወዲህ በቀይ ባሕር ጥቃት የተነሣ የመጨረሻው በተደጋጋሚ ይነሣል። ከዝርዝሩ ይልቅ «ይህ ዋጋ ሁሉን ያካተተ ነው ወይ? እስከ ስንት ቀን ይጸናል?» ብሎ መጠየቅ ይቀልላል። ሻጭ ፎብ ቢሸጥም ሲኤፍአር ቢሸጥም ጉምሩካችን ቀረጡን የሚያሰላው ጭነቱንና ኢንሹራንሱን ጨምሮ ስለሆነ በፎብ ገዝቶ ቀረጥ እቀንሳለሁ የሚል ተስፋ ከንቱ ነው፤ እኔም አንድ ሰሞን ይህን ተስፋ አድርጌ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ከአዲስ ሻጭ የዚፕና የሶፋ እግር ፕሮፎርማ መጣልኝ። ዋጋው ጥሩ ነው፤ ከዋጋው ቀጥሎ ‹ሲኤፍአር› የሚል አለ፤ ከሲኤፍአር ቀጥሎ ግን ምንም የለም። የቦታውን ስም፣ የነጻ ቀኖቹን ቁጥርና የማስረከቢያውን ሣጥን በሦስት ዓረፍተ ነገር ጠይቄ መልሼ ላክሁት። ይህን ስጽፍ ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ መልስ ገና አልመጣም፣ ቅድሚያ ክፍያውንም አልላክሁም።